ውሃውን ማን አመጣላት?

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ስንወጣ፣
ሰልፉ ሳይረዝም፣ ታክሲ ሳይታጣ፣
አራት ኪሎ ካለ አንድ ፎቶ ቤት በላይ
እንሰበሰባለን፣ አምስት ሴት፣ ለአንድ ጉዳይ።
ወንበር ግን አራት ነው።
ሻማ ከሲስተር ትርፌ ቦርሳ አይጠፋም፤
አዋላጅ ናት፤ መብራት ሄደ ብሎ ምጥ አያንቀላፋም።

እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት
ማዘጋጃው ምድር ቤት ከአቧራ ስሟገት፣
ስም፣ ያባት ስም፣ ያያት ስም በየቅጹ ስሞላ፣
ስንቷን ሴት አየኋት "የእገሌ ሚስት" ተብላ፣
ፋይሏ ከፋይሉ ኋላ
እንደ አባሪ ተንጠልጥላ።
ለዚህ ነው መጽሐፉንም የማገላብጥ እንደ ፋይል፣
ከትልልቁ ስም ጀርባ ማን ተወግታ ይሆን በስፒል?

ጥቅምት የነሲፓራ፣ የነፉሐ ነበር፣
ንጉሥን ዋሽተው ነፍስ ያተረፉ፤
"በሪፖርት ውሸትማ" አለች ትርፌ፣
"የኔም ኃጢአቶች ጽድቅ ሆነው ይጻፉ!"

ኅዳርን አምስቱ እህትማማች ወሰዱት፣
ሙሴ ፊት ቆመው ያባታቸውን ርስት የጠየቁት።
"ይሄ እኮ ይግባኝ ነው!" አለች ኤፍራታ፣ የሕግ ተማሪዋ።
ንግሥቴ ግን ዝም። ጣቷ ገጹ ላይ ቀረ።
ዶሮ ማነቂያ የነበረው ያባቷ ቤት አምና ፈርሷል፤
ካርታው በወንድሟ ስም ነው፣ ምትኩም ለወንድሟ ደርሷል።

ሪጽፋ ጋ ስንደርስ ሰኔ ግም ብሎ ነበር።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መደለቅ ጀምሮ ነበር።
ተራው የኔ ነውና አነበብኩ፤
ልጆቿ ተራራ ላይ ተሰቅለው፣ ቀባሪ ተነፍገው፣
እሷ ማቋን ከዓለቱ ላይ አንጥፋ፣
ቀን አሞራ፣ ሌት አውሬ ስታባርር፣
ከመከር እስከ ዝናብ፣ ሳትተኛ፣ ሳትከፋ።
አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈላትም።
ኤፍራታ ማስታወሻ ያዘች፦ "ዝምታ እንደ አቤቱታ።"
ታች ወያላው "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላል በዚያ ማታ።

ያኔ እማማ ዘርፈሽዋል፣
ዘጠኝ ወር ሙሉ በር ሥር፣ ከአግዳሚው ላይ፣
ከ"አሜን" በቀር ቃል ያልወጣቸው፣
መነጽራቸውን አወለቁ፤
"ውሃውስ?" አሉ። "ውሃውን ማን አመጣላት?"

ማንም አልመለሰ።

"ከመከር እስከ ዝናብ! ስንት ወር ነው እሱ?
ሰው በማቅ ብቻ አይኖርም፣ ከንፈር ይሰነጠቃል።
የሆነች ሴት አለች፣ ሲጨልም የምትመጣ፣ ቅል ይዛ።
እንስራ አይደለም፤ እንስራ ድምፅ አለው፣ ያስይዛል።
አውቃለሁ።

በዚያ በሰባው ዓመት ልጄ እዚችው፣ ከመንገዱ ዳር፣
ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ሲውል ሲያድር፣
ማልቀስ ክልክል፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ክልክል፣
እኔ ካጥር ጥግ ተሸጉጬ ውሻ ሳባርር፣
አንዲት ሴት፣ በሰዓት እላፊ፣
በጣሳ ውሃ፣ በመሐረብ ቆሎ
አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች። ሁለት ሌሊት።
ቀና ብዬ አላየኋት። ያኔ ፊት ማወቅ ዕዳ ነው።
ስሟንም አልጠየቅኳት።"

ሻማው ተንጠባጠበ። ትርፌ እጃቸውን ይዛ
የልብ ምት እንደምትቆጥር ቆየች።
እኔ ልማዴ ነውና ደብተሬን አወጣሁ፤

ስም፦
ያባት ስም፦
ያያት ስም፦
ሥራ፦ ውሃ አመጣች።

ባዶውን ባዶ ትቼ
ከሪጽፋ ገጽ ኋላ በስፒል አያያዝኩት።

ደረጃው ጠባብ ነው፤ እማማን መሃል አድርገን ወረድን።
ሰልፉ እስከ ጥግ ደርሷል፣ ጃንጥላ ያለው ጥቂት ነው።
ፊቴ የቆመችው ሴት፣ ጎመን በፌስታል የያዘች፣
ዘወር ሳትል የጃንጥላዋን ግማሽ ወደ እኔ ገፋች።
ስሟን ጠየቅኳት።
ግር አላት።
ነገረችኝ።